የጣና ዳር ረግረግ ጠፍ መሬት ስላለመሆኑ

በአገር ላይ የተሾመ ሰው መሬትን በሚቈጥርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፍለዋል፤ ይኸውም የሚታረሰውን እርሻ፣ ከብት የሚሰማራበትን ግጦሽ፣ ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነውን ደግሞ ጠፍ ብሎ ይጠራዋል። ከባሕር ዳር ከተማ ጀምሮ በጣና ዙሪያ እስከ ፎገራና እስከ ደንቢያ ድረስ የሚገኘው ረግረግ፣ ደንገል የበቀለበት ጭቃ፣ በበጋም ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ዳርቻ ከዚህ ከሦስተኛው ክፍል እየተቈጠረ ኖሯል። ጠፍ የተባለ መሬት ደግሞ ተሟጋች የለውም። አንዱ መጥቶ ያርሰዋል፤ ሌላው ጥራጊ ይደፋበታል፤ ሦስተኛው ከሐይቁ የተነቀለውን እምቦጭ ይከምርበታል። ዳሩ ግን ይህ ጭቃ ሌሊትና ቀን ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሠራተኞች የሞሉበት ስፍራ ነው፤ ሥራቸውን ያልተረዳ ሹምም ሳያስበው ሊያባርራቸው ይችላል። ስለዚህ የዞን አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና በሐይቁ ዳር መሬት የያዙ ሰዎች ነገሩን መርምረው እንዲፈርዱ፣ አስቀድሞ የጭቃውን ሥራ፣ ቀጥሎም ሊደረግ የሚገባውን በቅደም ተከተል መግለጽ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሐይቅ ነው። እንዲህ ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከደጋው አፈር እየጠረጉ ይገቡበታል፤ በባሕር ዳር በኩል ደግሞ ዓባይ ይወጣል። ውሃው ጥልቅ ባለመሆኑ፣ የፎገራና የደንቢያ ሜዳም የተንጣለለ ስለ ሆነ፣ ሐይቁ ጥቂት ሲሞላ ብዙ መሬት ያጥለቀልቃል፤ ጥቂት ሲጐድልም ብዙ ጭቃ ይገልጣል። ጣና ከዙሪያው ጋር በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ረግረጉም የዚህ ክብር ተካፋይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ወደ ጭቃው ሥራ እንመለስ ቢባል፣ ነገሩ እንደሚከተለው ነው። የሞተ ሣር፣ የወደቀ ደንገልና የበሰበሰ እምቦጭ በጭቃ ውስጥ ሲቀበር አየር አያገኘውም። አየር በሌለበት ስፍራ የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት ይህን ብስባሽ እየበሉ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣሉ። ይህን ጋዝ በመጀመሪያ አጥንቶ ያስታወቀው ጣልያናዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ ነው፤ በ1776 ዓ.ም. በማጆሬ ሐይቅ ዳር ረግረጉን በበትር እያማሰለ የሚወጣውን አረፋ በዕቃ አጠራቅሞ በእሳት ቢሞክረው የሚነድ ሆኖ አገኘው። በጣና ዳር በታንኳ የሚሄድ ሰው መቅዘፊያው ጭቃ ሲነካ ከሥሩ አረፋ ቡልቅ ሲል የሚያየው ይኸው ነገር ነው። ይህ ጋዝ ወደ ሰማይ በወጣ ጊዜ የምድርን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፤ በ100 ዓመት ሲሰላ፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል።

ነገር ግን በጭቃ ውስጥ የተፈጠረው ሜቴን ሁሉ ወደ ሰማይ አይደርስም። በ1906 ዓ.ም. ሶንገን የተባለ የኔዘርላንድ ሊቅ ሜቴንን ምግቡ አድርጎ የሚኖር ባክቴሪያ እንዳለ አስታወቀ። ይህ ዓይነቱ ባክቴሪያ ጭቃና አየር በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ይኖራል። መኖሪያው እጅግ ስስ ነው፤ አየር ወደ ረጋ ጭቃ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከበታቹ ጋዙ ሲወጣ ከበላዩ አየሩ ሲወርድ በሁለቱ መካከል እንደ በር ጠባቂ ይቀመጣል። የውሃ ተክልም ሥር ባለበት ዙሪያ እንዲሁ ይሰፍራል። በብዙ ረግረግ ከሚመነጨው ሜቴን ከፍ ያለውን ክፍል ወደ ላይ ሳይወጣ በልቶ የሚያስቀረው እርሱ ነው።

ባክቴሪያው ይህን የሚፈጽመው በኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት በሕያው ፍጥረት ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ መሣሪያ ነው። ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም፤ ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ገብሱን አርሳ አብቅላ ብቅል የምታደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል፤ ያም ኢንዛይም ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩንም እርሾው ተቀብሎ ወደ አልኮል ያደርሰዋል። ብቅል የሌለበት ጠላ የማይሆነው ስለዚህ ነው። የጭቃውም ባክቴሪያ በዚሁ ዓይነት ሥርዓት ይሠራል። አንደኛው ኢንዛይም ሜቴንን ከአየር ጋር አዋሕዶ ሜታኖል ወደሚባል የአልኮል ዓይነት ይለውጠዋል። ሁለተኛው፣ ሊቃውንት ሜታኖል ዲሃይድሮጅኔዝ የሚሉት፣ ከሜታኖሉ ሃይድሮጅን ነጥቆ ፎርማልዴይድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ግማሹ ለባክቴሪያው ሰውነት መገንቢያ ይውላል፤ የቀረው ፎርሚክ አሲድ ሆኖ በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህም ያለ ነበልባል በዝግታ እንደ ማቃጠል ነው። አንድ ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እያለፈ እንደሚፈጸም ሁሉ፣ ከመካከል አንዱ ሥራውን ያቆመ እንደ ሆነ ጉዳዩ በዚያው ይቀራል። የሁሉም ሥራ ፍጻሜው በአየር ላይ የተመሠረተ ነውና፣ አየር የተቋረጠ ዕለት በር ጠባቂው ይተኛል፤ ጋዙም ሳይጠየቅ ያልፋል።

የዚህ ኢንዛይም ሥራ ምን ያህል ድንቅ እንደ ሆነ የሚታወቀው ሜታኖል በሰው ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ሲመዛዘን ነው። ሜታኖል ከመጠጥ አልኮል በመልክም በሽታም የማይለይ መርዝ ነው። ሰው የጠጣው እንደ ሆነ ጉበቱ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ወደ ፎርማልዴይድና ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ነገር ግን የሰው ሰውነት ፎርሚክ አሲዱን ፈጥኖ ለማስወገድ ስለማይችል ዐይን ይጠፋል፣ ብዙ ከሆነም ነፍስ ይጠፋል። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል በሚሸጥበት ገበያ ሹማምንት ነቅተው መጠበቅ የሚገባቸው ስለዚሁ ነው። ለሰው መርዝ የሆነውን ይህን ነገር በዐይን የማይታየው ፍጥረት በየቀኑ ይበላዋል። በእርሻም ላይ ቢሆን ቅጠል በሚያድግበት ጊዜ ጥቂት ሜታኖል ያስወጣል፤ በቅጠሉ ፊት ላይ የሚኖር ቀላ ያለ ባክቴሪያም ያንን እየበላ ይኖራል።

ይህን ኢንዛይም በ1964 ዓ.ም. ለይተው ያስታወቁት እንግሊዝ አገር የነበሩት አንቶኒና ዛትማን ናቸው። በ1979 ዓ.ም. ፒኪውኪው በሚል አጭር ስም የሚጠራው ረዳቱ ምን እንደ ሆነ ተገለጠ። ኢንዛይሙ ካልሲየም የሚባለውን ማዕድን በእቅፉ ይዞ እንደሚሠራም ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ላንታነምና ሴሪየም የተባሉት፣ ብርቅ ማዕድናት ተብለው የሚቈጠሩት ብረቶች፣ ለሕያው ነገር አንዳች አገልግሎት የላቸውም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ነበር። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ግን ሌላ ዓይነት ሜታኖል ዲሃይድሮጅኔዝ በካልሲየም ፈንታ እነዚህኑ ይዞ እንደሚሠራ መታየት ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጣልያን አገር በናፖሊ አጠገብ ከሶልፋታራ ፍል ጭቃ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ ያለ እነዚህ ማዕድናት ፈጽሞ እንደማያድግ የኔዘርላንድ ሊቃውንት አስረዱ። እንግዲህ በሊቃውንት መዝገብ ከንቱ የተባለው ማዕድን ከንቱ አልነበረም፤ ሥራው ገና አልታየም ነበር እንጂ። በሹም መዝገብ ጠፍ የተባለውም ጭቃ እንዲሁ ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ በጣና ዙሪያ በር ጠባቂውን የሚያሰናክሉ ሦስት ነገሮች እንዳሉ መመልከት ይቻላል።

አንደኛው የደንገሉ መጥፋት ነው። ደንገል ለነገደ ወይጦ ሰዎች የታንኳ መሥሪያ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ሌላ ግን ሁለት አገልግሎት አለው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ክፍት ስለ ሆነ አየርን ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ በሥሩም ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ በዚያ አየር ሜቴንን ይበላል። ደግሞም ጉማራና ርብ ያመጡትን ደለል አጣርቶ፣ ከእርሻ የታጠበውን ማዳበሪያ ወደ ሰውነቱ ይስባል፤ ይህ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ የገባ እንደ ሆነ ለእምቦጭ ቀለብ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የተፈጸመው የጨራ ጨራ ግድብ የሐይቁን ውሃ መቈጣጠር ከጀመረ ወዲህ፣ በ2003 ዓ.ም. ውሃው እጅግ በጐደለ ጊዜ መርከቦች መሄድ ተሳናቸው፤ የተገለጠውም ዳርቻ ለማረሻ ተጋለጠ።

በዚህ ነገር የገበሬው ወገን የሚያቀርበው መልስ አለ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ሕዝቡ ባሕር ሸሽ በሚለው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ መሬት ያልደረሰው ጐልማሳም ሌላ ተስፋ የለውም። ደግሞ ረግረግ ቢደርቅ ሜቴኑ ይቀንስ የለምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን በጭቃው ውስጥ የተከማቸው ጥቁር ብስባሽ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ የመሬቱም ልምላሜ አብሮ ይሄዳል፤ የደለሉም ማጣሪያ ይጠፋል። ስለዚህ ባሕር ሸሹን ሁሉ መከልከል ፍርድ አይደለም፤ ሁሉንም መልቀቅም ጥፋት ነው። የሚገባው፣ ውሃው በሚደርስበት ዳር ያለውን የደንገል መቀነት በግልጽ ምልክት ለይቶ እንዳይታረስ ማድረግ፣ ከእርሱ በላይ ያለውን ደግሞ መሬት ላጡት በሥርዓት ማካፈል ነው።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። አስቀድሞ በቆቃና በአዋሽ የታወቀው ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና መግባቱ የተረጋገጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቈያል። ውሃውን በሸፈነ ጊዜ አየር ስለሚያሳጣው ዓሣውም ይጨነቃል፣ ሜቴን በላተኛውም ባክቴሪያ ሥራ ይፈታል። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል፤ ማሽንም መጥቶ ሠርቷል። ነገር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው ተረት ለዚህ አረም የተነገረ እስኪመስል ድረስ፣ የተነቀለው ዓመት ሳይቈይ ተመልሶ ይታያል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ክምሩ ነው። የተነቀለው እምቦጭ በውሃው ጫፍ እንደ ተራራ ተቆልሎ ሲተው፣ አየር የሚያገኘው የክምሩ ቆዳ ብቻ ነው፤ በር ጠባቂው ባክቴሪያም ከዚያ አልፎ አይሠራም። ውስጡ ግን ታፍኖ ይበሰብስና ሜቴን ያመነጫል። ክረምት ሲገባም ጭማቂው ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለሚቀጥለው ዓመት እምቦጭ መኖ ይሆናል። ገበሬው በጕልበቱ ያወጣውን ጎርፍ መልሶ ያስገባዋል ማለት ነው። ስለዚህ ነቀላ ማለት ክምሩ ከጐርፍ መድረሻ በላይ እስኪሄድ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ መሆን አለበት። በዚያም ቦታ ከገለባና ከፍግ ጋር በየተራው ተነጥፎ፣ በየጊዜው እየተገለበጠ አየር ካገኘ፣ በመልካም ሙቀት ተብላልቶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ በቂ ሙቀት ያገኘውም ዘር ይሞታል።

ሌላው መንገድ ጋዙን ራሱን ማሠራት ነው። ቮልታ ያነደደው ጋዝ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ቢጠራቀም የወጥ ማብሰያ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያ ከያዛቸው አራት ክልሎች አንዱ አማራ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። እምቦጩ ተከትፎ ከከብት እበት ጋር ቢገባ ጋዙ ወደ ምድጃ፣ ዝቃጩም ወደ ማሳ ይሄዳል። እናቶች ኩበት ለመንደድ የሚያውሉት እበትም ወደ እርሻው ይመለሳል።

ሦስተኛው የሩዝ ማሳ ነው። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሩዝ የፎገራን ሜዳ መልክ ለውጦታል፤ ቀድሞ ውሃ ተኝቶበት ይቀር የነበረው መሬት የሰው ቀለብ አብቅሏል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ውሃ የተኛበት ማሳ ሰው ሠራሽ ረግረግ ስለ ሆነ እርሱም ሜቴን ያመነጫል። በእስያ የተፈተነው መፍትሔ ማሳው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በውሃ ተሸፍኖ እንዳይቈይ፣ በየመካከሉ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። ጎኑ የተበሳ የቀርከሃ ቱቦ በማሳው ውስጥ ይተከልና የውሃው ወለል ከአፈሩ በታች 15 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና ይጠጣል። ሩዙ በሚያብብበት ጊዜ ግን ውሃ እንዳያጣ ያስፈልጋል። በዚህ ሥርዓት የሜቴኑ መጠን እስከ ግማሽ ሊቀንስ፣ ውሃም ሊተርፍ ይችላል፤ በሚገባ የተያዘ ማሳም ምርቱ አይጐዳም። በፎገራ አብዛኛው ሩዝ በዝናም የሚበቅል ስለ ሆነ ይህ ለሁሉ ማሳ አይሆንም። ቢሆንም ውሃን በመስኖ ማዘዝ በሚቻልበት ስፍራ፣ በወረታ ከሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ጋር ተመካክሮ በጥቂት ማሳ መጀመር ይቻላል።

የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው ግን ወጪውን ማን ይሸከም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ገበሬው እርሻውን ትቶ ለዘመቻ ሲጠራ ጕልበቱን ያለ ስስት ሰጥቷል። የተነቀለውን ማጓጓዝ፣ ጉድጓድ መቈፈርና ክምር መገልበጥም በእርሱ ጫንቃ ላይ ከተጨመረ ግን ሥራው በመካከል ይቀራል፤ ቀርቶም የሚታየው እምቦጩ ዳግመኛ ሲያብብ ነው። ሹማምንት በጀት ሲያዘጋጁ ለነቀላው የሚመድቡትን ያህል ለማጓጓዣውም መመደብ ይገባቸዋል። ክምሩ የሚያርፍበትን ቦታ ነቀላው ሳይጀመር ይወስኑ፤ ማዳበሪያውም ሲደርስ ለነቀሉት ሰዎች ይከፋፈል። የድካሙን ፍሬ በማሳው ላይ ያየ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ጠሪ አያስፈልገውም።

የመሬት መዝገብ የያዘ ሹም በዚህ ዓመት ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። ከጣና ዳር ባለው ረግረግ ስም ላይ ጠፍ የሚለውን ቃል ይፋቅ፤ በምትኩም የሐይቁ ማጣሪያ ብሎ ይጻፍ፤ ወሰኑንም ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ይለይ። ስም የተሰጠውና ወሰኑ የታወቀ መሬት ሲደፈር ተሟጋች ያገኛል። ያን ጊዜ በጭቃው ውስጥ ያለው ደቂቅ ሠራተኛ ሥራውን ይቀጥላል፤ እርሱ ከሹም የሚፈልገው አየሩ እንዳይዘጋበትና ስፍራው እንዳይታረስበት ብቻ ነው።